ጅማ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ጌሚንግ ፒሲ ለመገጣጠም ዕቃ እንዴት ይመረጣል፦ ከግድግዳው ሶኬት ጀምሮ

ጌሚንግ ፒሲ ልገጣጥም ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?" ብሎ ነው። ይገባኛል፣ ጌሙን የሚያሳምረው እሱ ነው። ግን እዚህ ከተማችን ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ የማየው ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ደካማ ስለሆነ አይደለም እዛ የደረሰው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው) ተቃጥሎ ማዘርቦርዱንም (ሁሉም የሚሰካበትን ዋና ቦርድ) ይዞት ሄዶ ነው፣ ወይ ክረምቱን ሙሉ እርጥበትና አቧራ ሲበላው ከርሞ ነው። ደግሞ ምንም ሳይበላሽ ዕድሜው የሚያልቅም አለ፣ ማዘርቦርዱ ከዚህ በላይ ፕሮሰሰር አልቀበልም ይልና አንድ ነገር ላሻሽል ሲሉ ሙሉውን መቀየር ይመጣል።

ስለዚ እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነው የምነግራችሁ። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ወጥቶ በሚሄድበት መንገድ ነው የምንሄደው፣ ሶኬቱ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው)፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጋ ቆይተን እንደርሳለን። ብር ስትመድቡም እንደዛው አድርጉ፣ ካላችሁ ገንዘብ ላይ አንድ አምስተኛውን ለዩፒኤስና ለፓወር ሰፕላይ መጀመሪያ ቀንሳችሁ አስቀምጡ፣ ስለ ካርድ የምታስቡት ከዛ በቀረው ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከመቃጠል የሚጠብቁት እነዚ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀድማችሁ ወስኑ፣ ስክሪኑን። ፉል ኤችዲ ማለትም 1080 ስክሪን ላይ ነው የምጫወተው ካላችሁ (ለአብዛኞቻችን ይበቃል) ዕቃው ሁሉ በአንድ ደረጃ ይረክሳል፣ ሙቀቱም ፍጆታውም ይቀንሳል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ 1080ን ታሳቢ አድርጎ ነው።

1ኛ፦ ግድግዳው

ኬዙን በባዶ እግራችሁ ቆማችሁ ስትነኩት ጣታችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ኮምፒውተር ገጥሟችሁ ያውቃል? ሰው "ትንሽ ይነዝራል ግን ይሠራል" ብሎ ያልፈዋል። ያ ማለት ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የመስመሩን ረብሻ ወደ ኧርዝ የሚያወርዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፣ ኧርዙ ሲጠፋ እነሱ የሚያወርዱት ነገር መሄጃ አጥቶ ኬዙ ላይ ይቀራል፣ የሚነዝራችሁ እሱ ነው። ከረንቱ ትንሽ ነው፣ ግን ኧርዝ ከሌለ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያ) ብትገዙም ሥራውን በሙሉ አይሠራም፣ ሽቦ ኬዙን ቢነካም መብራቱን የሚያጠፋ ነገር አይኖርም። ሶኬቱ ባለ ሦስት መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፣ ብዙ ኪራይ ቤት ውስጥ ሶስተኛው ቀዳዳ ከኋላው ሽቦ የለውም። ስለዚ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩ፣ ከሌለ ብረት ዘንግ መሬት አስቀብራችሁ መስመር አስዘርጉ፣ አከራዩን አስፈቅዳችሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከዛ ዩፒኤስ። ስታብላይዘር ወይስ ዩፒኤስ ለሚለው ጥያቄ የኔ መልስ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን ዩፒኤስ ግዙ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ቮልቴጅ የሚያስተካክል አለው፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ሲወርድ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲበዛም ዝቅ ያደርገዋል፣ መብራት ጭራሽ ሲሄድ ደግሞ ሴቭ አድርጋችሁ ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣችኋል። ለመዝጊያ ነው እንጂ ለመጫወቻ አይደለም፣ መብራት ሄዶ በዩፒኤስ ጌም መቀጠል ባትሪውን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ስታብላይዘር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ መብራት ሲመለስ ትንሽ ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ያለውን ምረጡ፣ አደገኛው ሰዓት መብራቱ የሚመለስበት የመጀመሪያው ደቂቃ ነው፣ ሄድ መጣ ሄድ መጣ የሚልበት።

ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ቪኤ ነው፣ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚለው ወደ 360 ወይ 390 ዋት ነው የሚሸከመው። ቀለል ያለ ጌሚንግ ፒሲ ሲጫወት ከነስክሪኑ 300 ዋት ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚ 650ው ይሸከማል ግን እየተጨነቀ ነው፣ 1000 ቪኤ ወይ ከዛ በላይ ብትወስዱ ይሻላል። ስትገዙ ከኋላም ከታችም አገላብጡትና ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ መሆኑን እዩ፣ የተለመደው 12 ቮልት 7 ወይ 9 አምፔር አወር ባትሪ ከሆነ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሲደክም ባትሪውን ብቻ ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ካልሆነ ሙሉ ዕቃው ቆሻሻ ይሆናል።

መብረቅም አለ። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ነጎድጓዱም እንደዛው። ሰው የመብራቱን ገመድ ይነቅልና የኢንተርኔቱን ይረሳል፣ በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ካላችሁ መብረቁ በሱ በኩል ገብቶ ራውተሩንም የማዘርቦርዱን የኔትወርክ ቀዳዳም አብሮ ይወስዳል። ሰማዩ ሲጠቁር ሁለቱንም ንቀሉ።

2ኛ፦ ፓወር ሰፕላይ፣ እዚህ ላይ ነው ጊዜ የሚወሰደው

ሱቅ ገብታችሁ ፓወር ሰፕላዩን በእጃችሁ ያዙና ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ "500 ዋት" ይላል። እሱን ተዉት። ታች በትንንሹ የተጻፈውን 12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ አጠገቡ አምፔር አለ። ሁለቱን አባዙ። 12 ቮልት 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፣ አለቀ፣ 500 የሚለው ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው፣ የቀረው 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ላይ ያለው ኃይል ለዛሬ ኮምፒውተር ብዙም አያስፈልግም። ደህና 550 ዋት የሚባለው 45 አምፔር አካባቢ ይላል፣ አባዙት፣ 540 ይመጣል፣ ያ የምር 550 ነው ማለት ነው። ኬዝ ውስጥ አብሮ ተገጥሞ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ ይሄን ሒሳብ ሥሩበትና ራሳችሁ ታያላችሁ።

ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ነገር ያለበትን አትግዙ። የድሮ አሠራር ነው፣ አንድ ሰው በስህተት 115 ላይ አድርጎት ከኛ 220 ጋር ከሰካችሁት ወዲያው ይፈነዳል። አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚወስደውን ኃይል የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ዘመናዊው አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ ይቀበላል፣ ማታ ቮልቴጅ ሲወርድም ቶሎ አይጠፋም። አንድ ጣጣ ግን አለው፣ አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ሞገድ ለስላሳ ስላልሆነ እንደዚ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ከሱ ጋር ላይስማማ ይችላል፣ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ እያለ ፒሲው ቀጥ ይላል። ስለዚ ሁለቱን ገጣጥማችሁ ጌም ከፍታችሁ ሶኬቱን ከግድግዳ ነቅላችሁ ሞክሩ፣ ከተቻለ ሱቁ ውስጥ።

80 ፕላስ ብሮንዝ ወይ ጎልድ የሚለው ምልክት ጥሩ ነው ግን የሚነግራችሁ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደማያባክን ብቻ ነው፣ ሰርጅ ሲመጣ ሌላውን ዕቃ ያድናል ወይ የሚለውን አይነግራችሁም። እሱን በሌላ ታውቁታላችሁ፣ ፋብሪካው 5 ዓመት ወይ ከዛ በላይ ዋስትና የሚሰጥበት ከሆነ፣ ሲይዙት ከበድ የሚል ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ የመከላከያዎቹ ዝርዝር (ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ፣ ከመጠን ያለፈ ከረንት፣ ሾርት፣ ሙቀት) ካለ። ለምንገጣጥመው ማሽን 550 ወይ 650 ዋት ይበቃል፣ ወደፊት ካርድ ስትቀይሩም ይሸከማል።

ፓወር ሰፕላይ ዩዝድ አትግዙ። ሌላውን አብዛኛውን ስላሽ (ዩዝድ) መግዛት ይቻላል፣ ይሄንን ግን አይ፣ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ከውጪ አይታይም። ከፍቼ ልየውም አትበሉ፣ ከተነቀለ በኋላ ራሱ ቻርጅ ይይዛል። ደግሞ ገመዱ የሚነቀል ሞዱላር ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ገባልኝ ብላችሁ አትሰኩበት፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ ቀዳዳው ገጥሞ ዲስኩን ያቃጥለዋል።

3ኛ፦ ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር አብረው ነው የሚመረጡት

እዚህ ላይ ጥያቄው "ዛሬ ፈጣኑ የቱ ነው" ሳይሆን "ከአራት ዓመት በኋላ እዚሁ ቦርድ ላይ ምን መሰካት እችላለሁ" ነው።

የኤኤምዲ ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ምሳሌ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች እስከ 5000 ሲሪዝ ድረስ ተቀብሏል፣ ያኔ ቢ350 ቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አፕዴት አድርጎ 5600 ወይ 5800ኤክስ3ዲ ሰክቶ ዛሬም ይጫወትበታል። ተከታዩ ኤኤም5 በ2022 ወጣ፣ ኤኤምዲ ቢያንስ እስከ 2027 ድረስ አዳዲስ ፕሮሰሰር እንደሚያወጣለት ተናግሯል፣ የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። ኢንቴል በኩል ኤልጂኤ1700 ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ተቀብሎ ቆሟል።

ስለዚ አቅሙ ካላችሁ ኤኤም5 ከራይዘን 5 7600 ጋር፣ የሚቆየው እሱ ነው። በጀታችሁ ጠበብ ካለ ኤኤም4 ከራይዘን 5 5600 ጋር ወይ ኢንቴል ኮር አይ5 12400፣ ሁለቱም 6 ኮር 12 ትሬድ ናቸው፣ ለ1080 ጌም አሁንም ጥሩ ናቸው፣ ግን የመስመሩ መጨረሻ አካባቢ እንደሆናችሁ እያወቃችሁ ግቡ። 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ውስጥ ጠንካራዎቹ (13600ኬ እና ከዛ በላይ) ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየወሰዱ የሚጎዱበት ችግር ነበረባቸው፣ ኢንቴል በ2024 በባዮስ የሚገባ ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል፣ ግን አንዴ የተጎዳውን ማስተካከያው አይመልሰውም። እነሱን ዩዝድ አትግዙ፣ ከናንተ በፊት ማን በምን ባዮስ እንደተጠቀመባቸው አታውቁም።

ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለው ኢንቴል (12400ኤፍ) ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ራይዘን 5600ም የለውም። 12400 ባዶውን፣ 5600ጂ እና 7600 አላቸው። እኔ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ግራፊክስ ያለውን እመርጣለሁ፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ስክሪን አጥቶ አይቀመጥም፣ ደግሞ ካርድ ሳትገዙ በፊት ማሽኑን መጀመር ትችላላችሁ (ወደዚህ እመለሳለሁ)። 5600ጂ ላይ ግን ፒሲአይ (ካርዱ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) የድሮው 3.0 ብቻ እንደሆነ እወቁ።

ስለ ማዘርቦርዱ፣ ከሁሉ የረከሰውን ትታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ፣ ለኤኤም4 ቢ550፣ ለኤኤም5 ቢ650 በቂ ነው፣ መብራት ብልጭልጭ ሳያስፈልገው። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ቪአርኤም የሚባሉት የኃይል ማስተካከያዎች ላይ የብረት ማቀዝቀዣ ሄትሲንክ የተደፋባቸው መሆኑን እዩ፣ የራም ቀዳዳው አራት ቢሆን ይመረጣል፣ ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ባዮስ የሚጭን ቁልፍ ከኋላው ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ባዮስ እየጫናችሁ መብራት ቢሄድባችሁ ያድናችኋል።

ሌላው መንገድ ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ምናምን። ለጊዜው ርካሽ ነው፣ ግን ለሚቆይ ማሽን አልመክረውም። ብዙዎቹ ሞዴሎች ማዘርቦርዳቸው የተለመደውን 24 ፒን ፓወር አይቀበልም፣ ስለዚ ደህና ፓወር ሰፕላይ ልትሰኩበት አትችሉም፣ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸውማ ዲዲአር3 ላይ ናቸው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 ድጋፉ አልቋል።

4ኛ፦ ራም

ሁለት እንጂ አንድ አትግዙ። አንድ 16 ጊጋ ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ይሻላል፣ ፕሮሰሰሩ በሁለቱ በኩል እኩል ያነባል፣ ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ለዓመታት ካላችሁ 32 ጊጋ ማለትም ሁለት 16። ዲዲአር4 ከሆነ 3200 ወይ 3600፣ ዲዲአር5 ከሆነ 6000። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የዓለም የራም ዋጋ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች ስለተሻሙበት በጣም ንሯል፣ ስለዚ አሁን ዩዝድ ዲዲአር4 መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ራም ብዙም የሚያረጅ ዕቃ አይደለም። ሜምቴስት86ን (ራም መፈተሻ ፕሮግራም ነው) ፍላሽ ላይ ጭናችሁ አንድ ሌሊት ፈትሹት፣ አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ መልሱት። ከተገጠመ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይ ኤክስፖ የሚለውን አብሩ፣ ካላበራችሁት የከፈላችሁበት ፍጥነት ተኝቶ ይቀራል።

5ኛ፦ ግራፊክስ ካርድ

አሁን ደረስን። ካርድ የሚያረጀው በሦስት መንገድ ነው፦ ሚሞሪው ያንሰዋል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ይቆምበታል፣ ወይ ራሱ ይደክማል።

ሚሞሪ፣ 8 ጊጋ ዝቅተኛው ነው፣ 12 ቢሆን ለዓመታት ያስኬዳል። 4 ጊጋ ያለውን፣ ለምሳሌ አርኤክስ 6500 ኤክስቲን፣ ርካሽ ቢሆንም ተዉት፣ በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ ፒሲአይ 3.0 ቦርድ ላይ ሲሆን ጭራሽ ይደክማል።

ድራይቨር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900 እና 1000 ሲሪዝ የጌም ድራይቨር ማውጣት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል፣ የደኅንነት አፕዴት ብቻ ነው የቀረላቸው። የኤኤምዲ አርኤክስ 580ም ካረጁት ጎራ ገብቷል። ከዛ በላይ ደግሞ ከ2024 ወዲህ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ እያሰላ መሳል) የሚችል ካርድ ካልሆነ የማይከፈቱ ጌሞች መውጣት ጀምረዋል፣ ስለዚ 1060፣ 1660፣ 580 ዛሬ ቢያጫውቱም "የሚቆይ" ውስጥ አይገቡም። ዝቅተኛው መነሻ ለኔ አርኤክስ 6600 ነው፣ 132 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ለመብራታችንም ለዩፒኤሳችንም ደግ ነው። ከዛ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው፣ 170 ዋት። ስትጠይቁ "12ቱን" በሉ፣ በኋላ የወጣ ባለ 8 ጊጋ 3060 አለ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሚሞሪውም መስመሩም የቀነሰ ነው። አዲስ የሚገዛ ደግሞ ኢንቴል አርክ ቢ580ን ባለ 12 ጊጋውን ወይ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16ቱን ይይ።

አብዛኞቻችን ግን ዩዝድ ነው የምንገዛው፣ ስለዚ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ካርዱን ገልብጡና ብሎኖቹን እዩ፣ ጭንቅላታቸው የተላጠ ከሆነ ተከፍቷል፣ መከፈቱ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። አሽትቱት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከአፍንጫ አይደበቅም። ማራገቢያዎቹን በጣት አንድ በአንድ አዙሩ፣ በዝምታ ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት፣ ከተንገዳገደ ወይ ከፈገፈገ ቤሪንጉ አልቋል (ይቀየራል፣ ግን ዋጋ ላይ አስቀንሱበት)። ወርቃማውን መሰኪያ እዩት፣ አረንጓዴ ነገር ካለበት እርጥበት ገብቶታል።

ከዛ ይሰካ። "ወንድሜ፣ እዚሁ ማሽን ላይ ሰክተን ግማሽ ሰዓት እንየው" በሉት፣ እምቢ ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ጂፒዩ-ዚን (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱ፣ ስሙን፣ ሚሞሪውን፣ የሼደሩን (ምስሉን የሚያሰሉት የቺፑ ክፍሎች) ቁጥር ከዋናው ጋር አስተያዩ። ባዮሱ ተቀይሮ የድሮ ካርድ "1050 ቲአይ" ተብሎ የሚሸጥበት አለ፣ ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ፌክ ብሎ ይጽፍባቸዋል፣ ዋናው የኤንቪዲያ ድራይቨርም አይጫንባቸውም። 580 ተብሎ 2048 ሼደር ያለውም በተግባር 570 ነው። ፈርማርክን (ካርድ የሚያስጨንቅ መፈተሻ ፕሮግራም) 15 ደቂቃ አሂዱ፣ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይ መስመር ካሳየ፣ ማሽኑ ከጠፋ በቃ። ከዛ አንድ የምታውቁት ጌም ክፈቱበት፣ ፈርማርክን አልፎ ጌም ላይ የሚወድቅ ካርድ አለ።

ማይኒንግ (ቢትኮይንን የመሰለ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ቺፑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ማራገቢያውና ቴርማል ፓዱ ነው የሚያልቀው። እነሱን የማስቀየሪያውን ታስቦ ዋጋው ከወረደ ይገዛል።

ካርዱን ስትገጥሙ ሞሌክስን (የድሮውን ባለ 4 ፒን የዲስክ መሰኪያ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ አትጠቀሙ። 8 ፒን እስከ 150 ዋት ነው የሚያስተላልፈው፣ ሞሌክስ ለዛ አልተሠራም፣ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ይታያል። ፓወር ሰፕላዩ የራሱ 8 ፒን ከሌለው ቀድሞውኑ ለዚህ ካርድ አልሆነም ማለት ነው።

6ኛ፦ ዲስክ

1 ቴራ ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ)፣ ቲኤልሲ (የሚሞሪ ቺፑ ዓይነት) የሚል፣ ባለ 5 ዓመት ዋስትና። በጣም የረከሰ ባለ 2 ቴራ ስታዩ ተጠንቀቁ፣ 64 ጊጋ ቺፕ ይዞ ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ነኝ የሚል የተጭበረበረ ዕቃ ሞልቷል፣ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ አንብቦ እውነቱን ይነግራችኋል። ካላችሁ አሮጌ ሃርድ ዲስክም አትጣሉት፣ 100 ጊጋ የሚደርስ ጌም በኛ ኢንተርኔት ደግሞ ደጋግሞ ማውረድ ዋጋው ይከብዳል፣ ስቲም ላይ ያወረዳችሁትን የጌሙን ፎልደር እሱ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ዊንዶውስ ቢበላሽም ኮፒ አድርጎ መመለስ ነው። ጓደኛም ይጠቀምበታል።

7ኛ፦ ኬዝና ማቀዝቀዣ

ፊት ለፊቱ መስታወት የሆነውን ተዉና ወንፊት የሆነውን ግዙ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፣ ማራገቢያ በዛው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ያንሳል። ስለዚ ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ፣ ከፊት ያለው የሚታጠብ ፊልተር ያለው። የሚገባው ከሚወጣው በለጥ ካለ አቧራው በየስንጥቁ አይገባም። ፕሮሰሰሩ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ አታስቡ፣ ፓምፑ ሲሞት ሙሉው ይጣላል። ከመዳብ ቱቦ ጋር ያለው ቀላል የአየር ማቀዝቀዣ ላይ ሊበላሽ የሚችለው ማራገቢያው ብቻ ነው፣ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ደግሞ የትም ይገኛል።

መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ በተለይ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ አቧራውም እርጥበቱም ከታች ነው የሚበዛው። ክረምት ላይ ሳትጠቀሙ ብዙ ቀን አታስቀምጡት፣ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ ለአንድ ሰዓት አብሩት፣ የራሱ ሙቀት እርጥበቱን ያደርቀዋል። ሸፍኑት ካላችሁም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከኋላ ክፍት የቀሩትን የካርድ ቀዳዳዎች በብረቱ ዝጉ፣ በረሮ ሙቀት ይወዳል።

የት፣ በምን ቅደም ተከተል ይገዛ

አዲስ አበባ ምርጫው ይበዛል ዋጋውም ሊቀንስ ይችላል፣ ግን 350 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ፓወር ሰፕላይ ወይ ዩፒኤስ ቢበላሽ ለመቀየር መመላለሱ ዋጋውን ያህል ይሆናል። ስለዚ ከባዱንና ቶሎ ሊመለስ የሚችለውን እዚሁ ጅማ መርካቶ ወይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉ ሱቆች፣ ደረሰኝ ላይ የዋስትናውን ጊዜ ከነማኅተሙ አጽፋችሁ ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤንቪኤምኢ ቀላል ነው፣ ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣል። የተገጣጠመ ፒሲ የምታስመጡ ከሆነ ግን ግራፊክስ ካርዱና ትልቅ ማቀዝቀዣ ካለው እሱም ተነቅለው ለብቻቸው ይታሸጉ፣ በመኪናው ንዝረት ካርዱ በራሱ ክብደት ቀዳዳውን ይሰብረዋል፣ ኬዙም ማዘርቦርዱ አግድም እንዲሆን በጎኑ ተኝቶ ይጫን።

አንዴ ሁሉንም መግዛት ካልቻላችሁ (አብዛኛው ሰው አይችልም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ ከተለቀቀ በኋላማ) በዚህ ተራ ሂዱ። መጀመሪያ ዩፒኤስና ፓወር ሰፕላይ። ቀጥሎ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር ከቦርዱ፣ ራምና ኤንቪኤምኢ ጋር፣ በዚህ ማሽኑ ይነሳል፣ ትምህርቱም ሥራውም ይሠራበታል፣ 5600ጂ ከሆነማ ቀለል ያሉ ጌሞችም ይሄዱበታል። ግራፊክስ ካርዱ መጨረሻ። ያኔ ዩዝድ ካርድ ሊሸጥላችሁ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የራሳችሁ ማሽን፣ የራሳችሁ ደህና ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰክታችሁ ትፈትሹታላችሁ።

ሁሉም ሲገጠም የመጀመሪያውን ሳምንት ዋስትናው ሳያልፍ አስጨንቁት፣ ረጅም ጌም፣ ሜምቴስት፣ ፈርማርክ፣ ዩፒኤሱን መንቀል። የእያንዳንዱን ዕቃ ሲሪያል ቁጥር ከደረሰኙ ጋር በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩት፣ ወረቀቱ በእርጥበት ቢበላሽም ፎቶው አለ። ካርቶኖቹንም አትጣሉ፣ ብዙ ሱቅ ያለ ካርቶን አይመልስም።